ገለባን በኮስቲክ ሶዳ ማከም፦ ይበረታታ ወይስ ይቅር?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከአጨዳ በኋላ የሚተርፈው ገለባና አገዳ በብዙ ቦታ ይቃጠላል። ከብት ቢበላውም ሆዱን ይሞላል እንጂ ጠብ የሚል ነገር አያገኝበትም። በአልካሊ፣ ማለትም እንደ ኮስቲክ ሶዳ ባለ የአሲድ ተቃራኒ በሆነ ኬሚካል፣ ሲታከም ግን ይለሰልሳል፣ ጨጓራም ይፈጨዋል። ለዚህ ሥራ ኮስቲክ ሶዳ ለገበሬው ይሰጥ የሚሉ አሉ፤ በፍጹም የሚሉም አሉ። እናንተስ?

የመኖ ባለሙያ፦ ይሰጥ እላለሁ። ገለባ ውስጥ ብዙ ጉልበት አለ። የገለባው ቃጫ የተሠራበት ሴሉሎስ ማለት እኮ እርስ በርሱ የተያያዘ ስኳር ነው። ችግሩ ሊግኒን የሚባል ተክሉን የሚያጠነክር ነገር እንደ ሙጫ ስለተለጠፈበት የጨጓራ ረቂቅ ተሕዋስያን አይደርሱበትም። አልካሊ ያንን ማያያዣ ይበጥሰዋል፤ ቃጫው ያብጣል፣ ይከፈታል። ከሚቃጠል ይሄ አይሻልም?

የአፈር ባለሙያ፦ ወንድሜ፣ መሥራቱንማ ማንም አልካደም። የኔ ጥያቄ ሶዳው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ የት ይሄዳል ነው። ከ100 ዓመት በፊት ገደማ ጀርመናዊው ኬሚስት ኤርንስት ቤክማን ገለባን በቀጭን የሶዳ ውሃ ዘፍዝፎ፣ አጥቦ ማብላትን አስተማረ። መኖው ጥሩ ነበር። ግን ለአንድ ኪሎ ገለባ በአሥር ሊትሮች የሚቆጠር የማጠቢያ ውሃ ይፈልጋል። ከገለባው አንድ አምስተኛ ያህሉም ሟሙቶ አብሮ ይሄዳል። ያ ቡናማ ፍሳሽ ወንዝ ሲገባ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል።

የመኖ ባለሙያ፦ እህቴ፣ እሱ ድሮ ቀረ። ለ100 ኪሎ ገለባ 5 ኪሎ ገደማ ሶዳ በጥቂት ውሃ አሟሙቶ መርጨትና ማገላበጥ ብቻ ነው። እጥበት የለም።

የእንስሳት ሐኪም፦ ካልታጠበ እኮ ሶዳው ውስጥ ያለው ሶዲየም እዚያው ገለባው ላይ ነው። እስቲ አብረን እናስላ። ላሟ በቀን 6 ኪሎ እንዲህ ያለ ገለባ ብትበላ 300 ግራም ያህል ሶዳ አብሮ ይገባል። ከዚህ ውስጥ 170 ግራም ገደማው ሶዲየም ነው። በገበታ ጨው ስንመነዝረው ከ400 ግራም በላይ ይሆናል። በየቀኑ! ያንን ለማስወጣት ያለመጠን ትጠጣለች፣ ያለመጠን ትሸናለች። ገለባ ዋና መኖ የሚሆነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ውሃ በሚጠፋበት በደረቁ ወቅት ነው።

የአፈር ባለሙያ፦ በዚያም አያበቃም። ሽንቱና እበቱ ማሳ ላይ ይወጣል። ሶዲየም የበዛበት ሸክላ አፈር ውሃ አያሳልፍም። ሲረጥብ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል።

ከብት አርቢ፦ እኔ ሶዳ ነክቼ አላውቅም፤ በዩሪያ ነው የማክመው። 100 ኪሎ ገለባ፣ 4 ኪሎ ዩሪያ፣ 50 ሊትር ውሃ። እያርከፈከፍኩ እረግጠዋለሁ፣ በላስቲክ ሸፍኜ ዳር ዳሩን በአፈር እደፍነዋለሁ። 3 ሳምንት አልከፍተውም። ዩሪያው ውስጥ ለውስጥ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አሞኒያ ደግሞ ራሱ አልካሊ ነው። ስከፍተው ገለባው ወደ ቡናማ ያደላ ቢጫ ሆኗል። ሲጨብጡት ልስልስ ይላል፣ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ነጭ ሻጋታ ካየሁ አየር ገብቶበታል ማለት ነው፤ ያንን ለይቼ እጥላለሁ። አንድ ጊዜ ላስቲኩ ተቀዶ ሳላይ ግማሹ ክምር ተበላሽቶብኛል። ከዚያ ወዲህ በየሦስት ቀኑ ዞሬ አየዋለሁ። ከማብላቴ በፊት አንድ ሁለት ቀን አናፍሰዋለሁ። ሶዲየም የለበትም፤ ናይትሮጅን ግን ይጨምራል።

የመኖ ባለሙያ፦ ጥሩ ብለሃል፤ የዩሪያንም ጉድለት እንናገራ። ብርድ ባለበት 3 ሳምንት አይበቃውም። ክምሩ ሲከፈት አብዛኛው አሞኒያ በኖ ይጠፋል። ገለባውን በማስፈጨትም ሶዳ ይበልጠዋል።

የእንስሳት ሐኪም፦ እውነት ነው። ጨጓራቸው ገና ላልዳበረ ጥጆችም አይሆንም። ዩሪያ የተበጠበጠበትን ባልዲ ክፍት ትቶ መሄድ ደግሞ ከብት ይገድላል። እባካችሁ ይሄን አትርሱ።

ኬሚስት፦ ሶዳው ማን እጅ እንደሚገባ አስቡ። ቤት ውስጥ ልጆች አሉ። ውሃ ውስጥ ሲጨመር በጣም ያሞቀዋል። ውሃውን ሶዳው ላይ ካፈሰሱት ደግሞ ፈልቶ ፊት ላይ ይፈናጠራል። ዓይን ከነካ ሊያሳውር ይችላል፤ ወዲያው በብዙ ንጹህ ውሃ ረጅም ጊዜ ማጠብና ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ለእኔ ሶዳ የፋብሪካ ነገር ነው። እዚያ የሚመዝንም፣ ፍሳሹን የሚያክምም ሰው ሊኖር ይችላል።

አወያይ፦ ኖራስ?

ኬሚስት፦ ደካማ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ 2 ግራም እንኳ አይሟሟም፣ ስለዚህ ጊዜ ይፈልጋል። ግን የሚተወው ካልሲየም ነው፤ እንደ ሶዲየም አፈር አያበላሽም።

የመኖ ባለሙያ፦ እሺ፣ ሶዳውን ለፋብሪካ ልተው። ብርድ አገር ያለው ገበሬስ ምን ይሁን?

ከብት አርቢ፦ በብርዱ ጊዜ እኔ እስከ 6 ሳምንት እተወዋለሁ። ክምሩን ቀደም ብዬ እጀምራለሁ እንጂ ሶዳ አልገዛም።