የካምቢዮ ዘይት መለኪያው ሞተር ጠፍቶ ከ«ሆት» በላይ ያሳያል፤ ልቀንሰው?

ነጭ ኮሮላ፦

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው የ2004 ሞዴል ኮሮላ ነው፤ ቤንዚን፣ ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ። ሁለት ነገር ግራ አጋብቶኛል።

የሞተር ዘይት መለኪያውን መጀመሪያ ስመዘው ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ተለቅልቋል። ጠርጌ መልሼ ስከተው በአንዱ ፊት መሃል ላይ ይነበባል፣ በሌላው ፊት ደግሞ ከፍ ይላል። የቱን ልመን?

የካምቢዮውን ደግሞ ጠዋት ሞተር ሳላስነሳ ለካሁት። ከ«ሆት» (ሙቅ) ምልክት የላይኛው መስመር አንድ ጣት ያህል አልፏል። ማርሹ ግን አይዘገይም፣ አይመታም፣ ምንም አላለም። ትርፉን በመለኪያው ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ አስገብቼ በስሪንጅ ልስበው አስቤ ነበር።

---

ካምቢዮ ሠሪ፦

ስሪንጁን አስቀምጠው። ያ ንባብ ለምንም አይሆንም።

ሞተር ሲነሳ የካምቢዮው ፓምፕ ከኮፓው (ከስር ካለው የዘይት መያዣ) ዘይት ስቦ ቶርክ ኮንቨርተሩን (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈውን)፣ ቫልቭ ቦዲውን (ዘይቱን ወደየማርሹ የሚመራውን)፣ ወደ ራዲያተር የሚሄዱትን ቱቦዎች ሁሉ ይሞላል። በዚህ ጊዜ ኮፓው ውስጥ የሚቀረው ዘይት ዝቅ ይላል። የመለኪያው መስመሮች የተሰመሩትም ለዚህ ሁኔታ ነው። ሞተር ሲጠፋ ከላይ የነበረው ዘይት ወደ ኮፓው ስለሚወርድ፣ አድሮ የተለካ ካምቢዮ ሁልጊዜ የበዛ ይመስላል። አሁን «ትርፍ» ያልከውን ብትስበው፣ ሞተሩ ሲነሳ ፓምፑ ከዘይት ጋር አየር መሳብ ይጀምራል። አየር የገባበት ዘይት ደግሞ ስለሚታመቅ ግፊት አይይዝም፤ ፍሪሲዮኖቹ (ተጨብጠው ማርሹን የሚይዙት ዲስኮች) በደንብ ሳይጨበጡ ይንሸራተቱና ይቃጠላሉ። ጤነኛ ካምቢዮ በገዛ እጅ የሚበላሸው እንዲህ ነው።

ትክክለኛው አለካክ ይህ ነው። መጀመሪያ 15 ወይም 20 ደቂቃ ያህል ንዳው፤ የ«ሆት» ምልክት የሚሠራው ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው። ቆሞ በሚኒሞ መሞቅ አይበቃም፤ ሞተሩ ቢሞቅም ካምቢዮው ወደኋላ ይቀራል። ሜዳ ቦታ አቁም፣ የእጅ ፍሬን ያዝ። ሞተሩ እየሠራ፣ የእግር ፍሬን እንደረገጥክ ማርሹን ከፒ ጀምረህ እስከ ኤል ድረስ አሳልፈው፤ እያንዳንዱ ላይ 2 ወይም 3 ሰከንድ ቆይ፤ ከዚያ ወደ ፒ መልሰው። ሞተሩን ሳታጠፋ መለኪያውን ምዘዝ፣ ጥረግ፣ እስከ መጨረሻው ክተት፣ እንደገና ምዘዝና አንብብ። በሁለቱ የ«ሆት» መስመሮች መካከል ከሆነ ጨርሰሃል። «ኩል» (ቀዝቃዛ) የሚለው የታችኛው ክልል ዘይት ለቀየረ ሰው መነሻ ግምት ነው እንጂ የመጨረሻ ንባብ አይወሰድበትም።

መጥረጊያህ ክር የማይተው ጨርቅ ይሁን፤ ቫልቭ ቦዲ ውስጥ ያሉት መንገዶች ጠባብ ናቸው። ሞተር እየሠራ ስለሆነ ደግሞ እጅጌህን ከቬንትሌተርና ከቺንጋ አርቅ። በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ የካምቢዮ ዘይት ብታንጠባጥብ ሊቀጣጠል ይችላል።

የጎደለ ከሆነ በመለኪያው ቱቦ በኩል ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሊትር ብቻ ጨምረህ፣ ማርሹን እንደገና አሳልፈህ ለካ። አንድ ሊትር በአንዴ የሚገለብጥ ሰው ትርፉን ለማውጣት ግማሽ ቀን ያጠፋል። መብዛቱም ጉዳት አለው፤ የሚሽከረከሩት ክፍሎች ዘይቱን እየመቱ አረፋ ያደርጉታል፣ በመተንፈሻውም ይወጣል።

---

ቡሎን 14፦

ስለ ሞተሩ ዘይት ልመልስ፤ እሱ ተገላቢጦሽ ነው። የሚለካው ሞተር ጠፍቶ ነው፤ ምክንያቱም ሲሠራ ብዙው ዘይት ላይ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥና በየመተላለፊያው ስለሚሆን ኮፓው ጎድሎ ይታያል። ከነዳህ በኋላ አጥፍተህ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቅ። ጠዋት ሳይነሳ መለካትም በአብዛኛው መኪና ይሠራል፤ እንዲያውም በየሳምንቱ ለማወዳደር የሚመቸው እሱ ነው። መመሪያ መጽሐፉ በግልጽ «ሞቆ ይለካ» ካለ ግን እሱን ተከተል። ዋናው ነገር አንድ ዘዴ መርጦ በዚያው መቀጠል ነው፤ ዛሬ በሙቁ ነገ በቀዝቃዛው እየለኩ «ዘይት ይበላል» ማለት ራስን ማታለል ነው።

የመጀመሪያውን ምዘዛ እርሳው። ስትነዳ ዘይት ወደ መለኪያው ቱቦ ይረጫል፤ ስለዚህ የመለኪያው ዘንግ እስከ ላይ ተለቅልቆ ይወጣል። ሁለቱ ፊቶች የሚለያዩበት ምክንያትም ከዚሁ የመጣ ነው። ቱቦው ዘመም ያለ ስለሆነ አንዱ ፊት የቱቦውን ግድግዳ እየታከከ ይወርዳል፣ እዚያ የተጣበቀውን ዘይት ይዞ ይወጣል። የምታምነው ዝቅ ያለውን ፊት ነው። ዘይቱ ሙሉ ሆኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሸፈነበትን መስመር ፈልግ፤ ከዚያ በላይ ያለው የተንጠባጠበ ወይም በአንድ ጠርዝ ብቻ የወጣ ጭረት አይቆጠርም። አሁንም ካልገባህ ዘንጉን አውጥተህ ጥቂት ደቂቃ ቱቦው ይውረድለት፣ ከዚያ አንዴ ብቻ ክተትና ምዘዝ።

በብዙ የቤት መኪኖች በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው 1 ሊትር ገደማ ነው። መሃል ላይ ካለ ግማሽ ሊትር ያህል ቦታ አለህ ማለት ነው እንጂ ጎድሏል ማለት አይደለም። ብትጨምር እንኳ ሩብ ሊትር ጨምረህ፣ ወደ ኮፓው እስኪወርድ ጠብቀህ እንደገና ለካ። ከላይኛው ምልክት በላይ ብዙ ካለፈ ክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩት የሞተር ክፍል) ዘይቱን ይመታዋል፣ አረፋ ይሆናል፣ የዘይት ግፊት ይወርዳል፤ ትርፉም በመተንፈሻው ወደ አየር ማስገቢያው እየተሳበ ይቃጠላል። ሁለት ሚሊ ሜትር ቢያልፍ ግን አትደናገጥ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ዳሽቦርድ ላይ ያለውን ቀይ የዘይት መብራት እንደ መጠን መለኪያ አትጠብቀው። እሱ የሚናገረው ስለ ግፊት ነው። በዘይት ማነስ ምክንያት እሱ ሲበራ መጠኑ ድሮ ከታችኛው ምልክት ወርዷል። እየነዳህ ከበራ ወዲያው ዳር ይዘህ አጥፋ፤ «እስከ ጋራዥ ልድረስ» አይባልም።

---

ሽታ አስተውል፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ ሁሉም ስለ መጉደል ስላወራ እኔ ስለ መጨመር ልበል። ማንም ሳይጨምርበት የሞተር ዘይት ከፍ እያለ ከሄደ ከመጉደል የባሰ ምልክት ነው። ዘንጉን አሽትተው። ቤንዚን ወይም ናፍጣ ከሸተተ ነዳጅ ወደ ዘይቱ እየወረደ ነው፤ የሚያፈስ ኢንጄክተር፣ ሁልጊዜ አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ሞተር፣ በናፍጣ መኪና ላይ ደግሞ የጭስ ማጣሪያው ጥላሸቱን ማቃጠል ጀምሮ በተደጋጋሚ መቋረጡ ያመጣዋል። ነዳጅ የገባበት ዘይት ይቀጥናል፣ ብሮንዚናዎቹን (ክራንኩ የሚሽከረከርባቸውን ማረፊያዎች) አይሸፍንም። ቡና በወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል። ክዳኑ ላይ ብቻ ትንሽ ነጭ ቅባት ካለ ግን ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ እየጠፋ የተጠራቀመ እርጥበት ሊሆን ስለሚችል፣ ቴስታታ ከመክፈት በፊት የራዲያተሩ ውሃ መጉደል አለመጉደሉን ተከታተል።

መጥቆር ብቻውን ግን አያስፈራም። ናፍጣ ሞተር ውስጥ ዘይት በተቀየረ በጥቂት ቀን ይጠቁራል፤ ጥላሸቱን መያዝ ሥራው ነው።

---

ሁሉም አንድ አይደለም፦

@ካምቢዮ ሠሪ ያልከው ለዚህ ኮሮላ ትክክል ነው። ሌላ መኪና ያለው ሰው አንብቦ እንዳይሳሳት ግን፦ ሆንዳ መለኪያ ያላቸው አውቶማቲኮቹን የሚያስለካው ዘይቱ ሞቆ፣ ሞተሩን ካጠፉ በኋላ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። አንዳንድ የቆዩ ክራይስለሮች ደግሞ በፒ ሳይሆን በኤን (ኒውትራል) ነው የሚለኩት፤ በፒ ላይ ፓምፑ ኮንቨርተሩን አይሞላም።

መለኪያ ጭራሽ የሌላቸው አዳዲሶቹ ደግሞ ከስር በቡሎን ነው የሚፈተሹት። መኪናው ሜዳ ሆኖ ይነሳል፣ ሞተር ይሠራል፣ የዘይቱ ሙቀት በስካነር ይታያል። ለምሳሌ የዜድኤፍ ኩባንያ ባለ 6 እና ባለ 8 ማርሽ ካምቢዮዎች ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ውስጥ ነው የሚጠይቁት። ቡሎኑ ሲፈታ ዘይቱ በቀጭኑ ወጥቶ ጠብታ ወደ መሆን ሲመጣ ይዘጋል። ምንም ካልወጣ ጎድሏል። ዘይቱ ከመጠን በላይ ከሞቀ ስለሚሰፋ ብዙ ይፈስና ጎድሎ ይዘጋል። የፊቱን ጎማ ብቻ በክሪክ አንስቶ መለካት በዚህ አይሠራም፤ ሰው ስር የሚገባው ካቫሌቶ (የመኪና መደገፊያ) ሲኖር ብቻ መሆኑ ደግሞ የታወቀ ነው።

---

ነጭ ኮሮላ፦

አመሰግናለሁ። በተባለው መንገድ ለካሁት፦ የሞተሩ መሃል ላይ፣ የካምቢዮው በሁለቱ «ሆት» መስመሮች መካከል ነው። ግን የካምቢዮው ዘይት ቀይነቱ ጠፍቶ ቡናማ ሆኗል። በግፊት ማሽን ላሳጥበው?

---

ካምቢዮ ሠሪ፦

መጀመሪያ አንድ ጠብታ ነጭ ሶፍት ላይ ጣልና ጥቂት ደቂቃ ቆይተህ እይ። ቀላል ቡናማ ሆኖ በሰፊው ከተበተነ ያረጀ ዘይት ነው። መሃል ላይ ጥቁር ክብ ቀርቶ ዙሪያው ብቻ ከረጠበ፣ ወይም ሲሸተት የተቃጠለ ከሆነ፣ የፍሪሲዮን ብናኝ አለበት። ሮዝ ወተት ከሆነ የራዲያተር ውሃ ገብቷልና መኪናውን አታንቀሳቅሰው፤ የፍሪሲዮኖቹን ሙጫ ያላቅቀዋል።

ለማሳጠብ አትቸኩል። ማርሹ ጥሩ ስለሆነ በኮፓው ቡሎን ማፍሰስና መተካት ይበቃል። በአንድ ጊዜ 3 ሊትር ገደማ ብቻ ይወርዳል፤ ሌላው ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። የወረደውን ምልክት ባለው ዕቃ ለካውና ልክ ያንኑ ያህል መልስ፣ ከዚያ በሙቀት አረጋግጥ። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነድተህ መድገም ትችላለህ። የኮፓው ማግኔት ላይ ግራጫ ዱቄት ብታገኝ የተለመደ ነው፤ በጣት የሚያዝ የብረት ስብርባሪ ካለ ግን ዘይት መቀየር አይበቃውም።

ዓይነቱ የዚያ ዘመን ኮሮላ የሚጠይቀው ቶዮታ ቲ-4 ነው፤ በኋላ የመጣውን ደብልዩኤስ በእሱ ቦታ አትጨምር፣ ቅጥነቱ ይለያል። የሲቪቲ (በቺንጋ የሚሠራ፣ ቋሚ ማርሽ የሌለው ካምቢዮ) ዘይት ደግሞ በፍጹም። ዘንጉ ላይም መጽሐፉ ላይም ተጽፎ ታገኘዋለህ።

---

ቡሎን 14፦

የካምቢዮ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት እየተቃጠለ አያልቅም፤ ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ። ስትለውጥ የአክስሎቹን ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን ጎማ) እና ወደ ራዲያተር የሚሄዱትን ጎማ ቱቦዎች ጠርገህ እይ፤ በሳምንቱ ተመልሰህ ደግሞ እንደገና።