ታይታኒየም ለተፋላሚ ሮቦት፦ ባሕር ዳር ላይ ማን ይቁረጠው፣ ማን ይበይደው?

ተፋላሚ ሮቦት (ውድድር ላይ ከሌላ ሮቦት ጋር የሚዋጋ) እየሠራችሁ ስለ ታይታኒየም ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልሴን እዚህ ላድርገው። ባጭሩ፦ መቁረጡና መብሳቱ ባሕር ዳር ላይ በደንብ ይቻላል። ብየዳው ግን ሌላ ነገር ነው። በቡሎን ማሰር ከቻላችሁ አታስበይዱት።

መጀመሪያ ዕቃው። አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት ሁለት ዓይነት ነው። ግሬድ 2 ንጹሕ ታይታኒየም ነው፤ ይታጠፋል፣ በቀላሉም ይበየዳል፣ ግን ለስለስ ይላል። ግሬድ 5 ውስጥ 6 በመቶ አሉሚኒየምና 4 በመቶ ቫናዲየም አለ። ጥንካሬው የግሬድ 2 ሦስት እጥፍ ያህል ነው። የቻይና ሻጮች «ቲሲ 4» ብለው የሚጽፉት እሱን ነው። ለፊት ጋሻ ግሬድ 5 ግዙ። መታጠፍ ላለበት ክፍል ግን ግሬድ 2 ይሻላል። ግሬድ 5 ላሜራ ሳይሞቅ ሲታጠፍ ተመልሶ ይከፈታል፤ ጠበብ አድርጋችሁ ልጠፈው ካላችሁም ይሰነጠቃል።

ክብደቱን እናስላ። 20 በ15 ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር የሆነ ጋሻ በብረት 706 ግራም ይመዝናል። በግሬድ 5 ወደ 400 ይወርዳል። በአሉሚኒየም 243 ነው። 13.6 ኪሎ ለተፈቀደለት ሮቦት 300 ግራም ማትረፍ ቀላል ነገር አይደለም። ሻል ያለ ባትሪ ወይም ሌላውን ሮቦት የሚመታበት ወፈር ያለ ምላጭ ማለት ነው። ምላጩን ራሱን ግን ከታይታኒየም አታሠሩ፤ ጠርዙ ቶሎ ይዶለዱማል። ለእሱ የመኪና ባሌስትራ ይበልጣል፣ ጋራዥ ሰፈር ጠይቁ። ሲቆረጥ ቀይ እስኪሆን አታግሉት እንጂ።

«ታይታኒየም ነው» ተብሎ ቁራጭ ከቀረበላችሁ በማግኔት ብቻ አትመኑ። ብዙው ስቴንለስም በማግኔት አይሳብም። ግራይንደር ነካ ሲያደርገው ደማቅ ነጭ ብልጭታ ይረጫል፣ ይሄ ጥሩ ምልክት ነው። ከሁሉም የሚያስተማምነው ሚዛንና ውሃ ነው። በግራም መዝኑት፣ ምልክት ባለው ዕቃ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ውሃው ስንት ሚሊ ሊትር ከፍ እንዳለ እዩ፣ ከዚያ ግራሙን በሚሊ ሊትሩ አካፍሉ። 4.4 ወይም 4.5 ከመጣ ታይታኒየም ነው። 8 ገደማ ከሆነ ስቴንለስ ነው።

ወደ ቆራጮቹ ስንመጣ፣ ለመቁረጥና ለመብሳት ጋራዥ ሰፈር ያሉ ቶርኖ ቤቶችን እመርጣለሁ። ሥራቸው ፈጣን ነው፣ እጃቸው የለመደ ነው፣ ዋጋም ይደራደራሉ። ችግሩ ብረት የለመዱበት ፍጥነት ነው። ታይታኒየም ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም። አብዛኛው ሙቀት መቁረጫው ጫፍ ላይ ይቀራል። አንድ ቦታ በተለመደው ፍጥነት ሲበሱልኝ ፑንታው (መብሻው) ቀዳዳው ውስጥ ተሰብሮ ቀርቷል። ስለዚህ ቆማችሁ አሠሩ። «ጋሼ፣ ይሄ ቀስ ብሎ ነው የሚቆረጠው፣ ግን ጫን ይበሉት» በሏቸው። ለ6 ሚሊሜትር ፑንታ በደቂቃ 500 ዙር ይበቃል። 30 ሚሊሜትር ዘንግ ቶርኖ ላይ በካርባይድ (በጣም ጠንካራ የመቁረጫ ጫፍ) ሲቆረጥ 400 ዙር ገደማ ይሁን። ማቀዝቀዣ ፈሳሹ መቋረጥ የለበትም። ከሁሉ የከፋው መቁረጫው ሳይቆርጥ ሲፈትግ ነው፤ ወዲያው ይቃጠላል።

ፑንታውን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። 5 በመቶ ኮባልት ያለውን ግዙ። ወርቃማ ቀለም ባላቸው ርካሾች አትታለሉ፤ ለዚህ ሥራ የሚጠቅም ነገር የላቸውም።

ፖሊ፣ ማለትም ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ፣ የሚማር ወይም የሚያስተምር ወዳጅ ካላችሁ እሱንም አስቡበት። ፖሊቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር ሲከፈት የብረታ ብረት ሙያ ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ነበር። በፍሬዛ (በሚሽከረከር መቁረጫ የሚቀርጽ ማሽን) ልክ መውጣት ያለበት ነገር፣ ለምሳሌ የሞተር መቀመጫ፣ እንዲህ ያለ የትምህርት ወርክሾፕ ውስጥ ቢሠራ ደስ ይለኛል። ፈቃድና ተራ መጠበቅ ግን ይኖራል። ለተራ ቀዳዳ አያስፈልግም።

በፕላዝማ (በጣም በጋለ ጋዝ የሚቆርጥ ማሽን) ከተቆረጠ ጠርዙ ይበላሻል። የተቃጠለውን ጠርዝ ሞርዳችሁ አስወግዱ።

አንድ ነገር በጣም እለምናችኋለሁ። የታይታኒየም ብናኝና ቀጭን ፍቅፋቂ እሳት ይይዛል። ውሃ ከደፋችሁበት ይብስበታል። ደረቅ አሸዋ በባልዲ አጠገባችሁ ይኑር፤ ፍቅፋቂውንም ከዘይት ጨርቅና ከእንጨት ብናኝ አርቁ።

ብየዳው የግድ ከሆነ ማን ጋ እንሂድ? በርና መስኮት የሚሠሩት በኤሌክትሮድ ነው የሚበይዱት፤ ለዚህ አይሆንም። ሐይቁ ዳር የብረት ጀልባ የሚበይዱትን ሥራ በጣም አከብራለሁ፣ ግን እሱም በኤሌክትሮድ ከሆነ ታይታኒየም ላይ አይሠራም። መሄድ ያለባችሁ የስቴንለስ መደገፊያና የደረጃ እጀታ በአርጎን (ብየዳውን ከአየር በሚከላከል ጋዝ) የሚሠሩት ጋ ነው። ማሽኑ አላቸው፣ እጃቸውም ንጹሕ ሥራ የለመደ ነው። ማሽኑ በዲሲ፣ ችቦው በኔጌቲቭ ይሁን። የአርጎኑን ጥራት አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከ99.99 በመቶ ማነስ የለበትም።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ስቴንለስ ላይ ጋዙ ከፊት ብቻ ቢሸፍን ብዙ ጊዜ ያልፋል። ታይታኒየም ግን ከ400 ዲግሪ በላይ እስከሞቀ ድረስ ከፊትም ከኋላም አየር ሊነካው አይገባም። አየር ከገባ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ይመጥጥና ተሰባሪ ይሆናል። ርካሹ መፍትሔ የብረት ሳፋ ነው። አርጎን ከአየር ስለሚከብድ ሳፋው ውስጥ ይተኛል። በቀጭን ቱቦ ከታች ሙሉት፣ ዕቃውን እዚያ ውስጥ አስበይዱት፣ ብየዳው ካለቀ በኋላም እስኪቀዘቅዝ ጋዙን አትዝጉ። ከመበየዱ በፊት ግን በአሴቶን ጥረጉት። ብረት ነክቶ የማያውቅ አዲስ የስቴንለስ ብሩሽ ተጠቀሙ።

ሰዓቱንም ምረጡ። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሳው ነፋስ ጋዙን ጠርጎ ይወስደዋል። ጠዋት፣ በሩ ተዘግቶ ይሠራ። ክረምት ላይ ደግሞ ላዩ ላይ እርጥበት እንዳይቀር አድርቁት።

ታይታኒየምን ከብረት ጋር ልበይድላችሁ የሚል ካጋጠማችሁ ሥራውን አትስጡት። መጋጠሚያው ተሰባሪ ነው የሚሆነው፣ በመጀመሪያው ምት ይለያያል።

ክፍያውን በቁራጭ ሳይሆን በሰዓት ተነጋገሩ፤ አለዚያ በያጁ ይቸኩላል። መጀመሪያም በትርፍ ቁራጭ ላይ አሠርታችሁ ቀለሙን እዩ። ብርማ ከሆነ ግሩም ነው። ፈዘዝ ያለ የገለባ ቀለምም ያልፋል። ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ከሆነ ጋዙ አልበቃም፣ አስተካክሉና ድገሙት። ግራጫ ከሆነ ወይም ነጭ ዱቄት ካወጣ ላዩን መቦረሽ አይፈታውም። ያን ክፍል ቆርጣችሁ አውጡና እንደገና አስበይዱት።