ይቺ ብርቱካናማ ባለ ነጠብጣብ በራሪ ምንድናት? ልግደላት?

የጓሮ ጎመን፦ ሰላም ወገኖች፣ ያለሁት ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ማታ የበሩ መብራት ስር አንዲት ትንሽዬ ነገር ተለጥፋ አየሁ፣ ክንፏን ጥቅልል አድርጋ ስለምትቀመጥ መጀመሪያ ጥንዚዛ ነበር የመሰለችኝ፣ ቀለሟ ግን ደማቅ ብርቱካን ሆኖ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ አለው፣ እያንዳንዱ ነጠብጣብ ደግሞ ዙሪያውን በጥቁር የተከበበ፣ ልክ ጥልፍ በሉት። ከጥፍሬ ብዙም አትበልጥም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ አበባ ላይ ሶስት አገኘሁ። ጎረቤቴ ያ ተክል የሚጎዳ፣ ስታዩት ግደሉት የሚባለው ላንተርንፍላይ የሚሉት ነፍሳት ነው አለኝ፣ እኔ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ጎመንና ጤና አዳም ተክያለሁ፣ ትበላብኛለች? ልጆቹስ ቢነኳት?

አቤል ቨርጂኒያ፦ እህት እኔም ላንተርንፍላይ ይመስለኛል፣ ቶሎ ግደያት።

ጋሽ አትክልተኛ፦ ኧረ ተው አቤል! ልጄ እንዳትገድያት፣ እሷ የእሳት እራት ናት፣ እዚህ አይላንተስ ዌብወርም ሞዝ ይሏታል። ላንተርንፍላይ ትልቅ ነው፣ 2.5 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ሲቀመጥ ግራጫ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ነው፣ ቀዩ የሚታየው ክንፉን ሲከፍት ነው፣ ስትጠጊው ደሞ ይፈናጠራል። ሰው የሚምታታበት ሁለቱም ትሪ ኦፍ ሄቨን የሚባለውን ዛፍ ስለሚወዱ ነው። ዛፉ ከቻይና የመጣ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1784 ፊላደልፊያ ተተከለ፣ እሷ ግን የፍሎሪዳ አካባቢ ናት፣ የዛፉን ዘመድ ስትበላ ኖራ ይሄንን ስታገኝ ወደ ሰሜን ተስፋፋች። ብርዱን አትችልም፣ በየዓመቱ ከደቡብ እንደገና ትመጣለች። ትሏ የምትበላው የዛን ዛፍ ቅጠል ነው፣ ጎመንሽን አትነካም፣ እሷ ራሷ የአበባ ማር ነው የምትቀስመው። አትነክስም አትናደፍምም፣ ልጆቹ ይዩአት።

የጓሮ ጎመን፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሽዬ፣ እንኳን አልገደልኳት! ታዲያ ጎመኑን እየበሳሳ ያለው ማነው?

ሰናይት፦ የኔ ቆንጆ ቅጠሉን ገልብጠሽ እይ፣ አረንጓዴ ትል ካገኘሽ የነጯ ቢራቢሮ ልጅ ነው፣ እኔ ጠዋት ጠዋት በእጄ ነው የምለቅመው፣ መድኃኒት አልረጭም።

የጓሮ ጎመን፦ አገኘሁት! ደሞ ከጋራዡ ጀርባ ቅጠሉ በድር የተጠቀለለ ዛፍ አለ፣ ስጨምቀው ይሸታል።

ጋሽ አትክልተኛ፦ በቃ ያልኩሽ ትሪ ኦፍ ሄቨን እሱ ነው፣ ድሩም የሷ ትሎች ሥራ ነው። ዝም ብለሽ እንዳትቆርጪው ግን፣ ከሥሩ አስር ሆኖ ነው የሚበቅልብሽ። ከእዚህ አገሩ በጋ (ሰመር) አጋማሽ በኋላ ሥሩን የሚያደርቅ መድኃኒት ግንዱ ላይ የሚያደርግ ባለሙያ ጥሪ፣ እስኪደርቅ ጠብቂና ከዛ ይቆረጥ።

የጓሮ ጎመን፦ እሺ ጋሼ፣ ለጎረቤቴም ፎቶዋን ይዤ ሄጄ ነግሬዋለሁ።