የሞንሞራንሲ ቤት፦ ዱክነቱ እንዴት ከቤት ወደ ቤት ዞረ?

የፋሲል በር
ሰላም ጎንደሬዎች። አስጎብኚ ነኝ። ትናንት ግቢው በር ላይ ለፈረንሳይ እንግዶች «አፄ ፋሲል በ1632 ነገሡ» ስላቸው (ሁሌም በነሱ አቆጣጠር ነው የምነግራቸው) አንዲት ሴትዮ ቆም ብላ «በዚያው ዓመት እኛ ጋ የሞንሞራንሲው ዱክ አንገቱን ተቀላ» አለችኝ። ማታ ሳነብ ራሴ ዞረ። ቤተሰቡ መጀመሪያ ባሮን ነው፣ በኋላ ዱክ፣ ደግሞ ኮኔታብል የሚሉት አለ። ከዚያ ዱክነቱ ኮንዴ ወደሚባል ቤት ሄደ። ማዕረግ የደም ነው ወይስ የምን? ለሐበሻ እንግዳ ሳስረዳ ዱክን ራስ ልበለው?

ቀሃ
ራስ አትበለው ወንድሜ። ራስ ሹመት ነው፤ ልጅየው ራሱ ካልተሾመ አባቱ ራስ ስለነበረ ብቻ ራስ አይባልም። ዱክነት ግን መሬት ላይ የተጣበቀ ነገር ነው። በ1551 ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ የአን ደ ሞንሞራንሲን ባሮንነት ወደ ዱክነት ከፍ አደረገለት። ከፍ ያለው መሬቱ ነው፣ ሰውዬው በመሬቱ ዱክ ተባለ፣ ከዚያ ለወንድ ልጅ ይወርዳል። አን የሴት ስም ቢመስልም ወንድ ነው፤ በክርስትና እናቱ በንግሥት አን ስም ተጠርቶ ነው። በ74 ዓመቱ፣ በ1567፣ ሳን ደኒ ላይ ሲዋጋ ቆስሎ ሞተ። እኔ በጣም ነው የማደንቀው።

የቀድሞ መምህር
ኮኔታብል ላይ ልጨምር። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፣ የጋጣ ሹም ማለት ነው። የኛ ባልደራስ ማለት እኮ ነው! እዚያ ግን እያደገ ሄዶ የጦሩ ሁሉ አዛዥ ሆነ። አን ራሱ ኮኔታብል ነበር። ይሄ ሹመት ነው፤ በ1627 ቀረ። ዱክን ግን መስፍን በለው ልጄ፣ ልዑል መኮንን መስፍነ ሐረር ይባሉ አልነበር?

የተቀላው የአን የልጅ ልጅ ነው፣ እሱም ሄንሪ። ከንጉሡ ወንድም ጋር ሸፈተ፣ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ካስቴልኖዳሪ ቆስሎ ተማረከ፣ ኦክቶበር 30 ቱሉዝ ላይ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ውስጥ ተቀላ። 37 ዓመቱ ነበር። ልጅ አልነበረውም፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ወንድ ወራሽ ከሌለ ዱክነቱ ይጠፋል። እህቱ ሻርሎት የኮንዴው ልዑል ሚስት ነበረችና በ1633 ንጉሡ ለባሏ ዱክነቱን እንደ አዲስ አቆመለት። አልተወረሰም፣ እንደገና ተሰጠ። በ1864 ናፖሊዮን 3ኛም እናቱ ሞንሞራንሲ ለሆነች፣ ታሌይራን ለሚባል ቤት ሰው እንደዚሁ ሰጠ።

የፋሲል በር
እግዜር ይስጥልኝ መምህር! አሁን ገባኝ። አንድ ነገር ግን አገኘሁ፤ ፋሲል የነገሡት በኛ አቆጣጠር ሰኔ 1624 ነው፣ ሰውዬው የተቀላው ጥቅምት ላይ ነው፣ በኛ 1625 ገብቷል። ባሮንንስ ምን ልበለው?

ቀሃ
ባሮን ብለህ ተወው። እነሱ ራሳቸው ዱክ ሆነውም የሚኮሩት በሱ ነበር። መፈክራቸው «እግዚአብሔር የመጀመሪያውን ክርስቲያን ባሮን ይርዳ» ነው።