ለካቫና ፌሎውሺፕ ማመልከቻ እርዳታ እፈልጋለሁ

ሰላም ወገኖች። ደብሊን ነው የምኖረው፤ ዜግነቴ አይሪሽ ነው። በእንግሊዝኛ ሁለት የግጥም መድበሎች አሳትሜያለሁ። ሦስተኛው ግን ከሌሊት የጽዳት ሥራ ስመለስ በማገኛት አንድ ሰዓት ነው የሚጻፈው። ደብተሬ ራሱ በረኪና በረኪና ይሸታል።

በ2022 እ.ኤ.አ. የአየርላንድ መንግሥት ለ2,000 አርቲስቶች በሳምንት 325 ዩሮ መስጠት ሲጀምር ዕጣው አልወጣልኝም። አሁን በገጣሚው ፓትሪክ ካቫናና በባለቤቱ ካትሪን ስም የተሰየመውን ፌሎውሺፕ (የገንዘብ ድጋፍ) አሰብኩ። በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ሆነው ገንዘብ ለቸገራቸው የአየርላንድ ገጣሚዎች ነው። ልክ የኔ ጉዳይ!

የተቸገርኩት ችግሬን መጻፉ ላይ ነው። ገመናን አደባባይ ማውጣት እኛ ጋ ይከብዳል። የቤት ኪራዬን ልክ ልናገር ወይስ ስለ ግጥሜ ብቻ ልጻፍ? ለአርትስ ካውንስልም (የአየርላንድ የኪነ ጥበብ ድጋፍ ተቋም) ሆነ ለመሰል ድጋፍ ያመለከታችሁ፣ እንዴት ጻፋችሁት? ረቂቄን የሚያይልኝ ካለ፣ እባካችሁ።