ዋይፋይ በተቆራረጠ ቁጥር ሥራው ያረፍዳል፣ ምን ላድርግ?

ሽቦአልባው፦
ሰላም ወገን። መጋዘን ውስጥ የተበታተኑ ራስፕቤሪ ፓይ 4 የሚባሉ ትንንሽ ኮምፒውተሮች አሉኝ፤ ሥራ የሚያከፋፍላቸው አንድ ሰርቨር ነው፣ በዋይፋይ። አንዱ ሥራ በየ100 ሚሊሰከንዱ ሴንሰር እያነበቡ ቫልቭ መክፈትና መዝጋት ነው። ሌላው የካሜራ ምስል መመርመር ነው፣ እሱ 2 ሰከንድ ቢቆይም ግድ የለም። ሰርቨሩ ላይ ያለው ኢዲኤፍ ነው፣ ማለትም ዴድላይኑ የቀረበ ሥራ ይቀድማል። በኬብል ስሞክረው ሰላም ነው። ዋይፋዩ መንተባተብ ሲጀምር ግን ትእዛዝ አርፍዶ ይደርሳል፣ ጭራሽ አንዱን ምስል ሁለት ፓይ ይዘውት አገኛለሁ። ሌላ አልጎሪዝም ይሻለኛል?

ከርነሉ፦
ኢዲኤፍን ተወው በናትህ፣ እሱ ምን አጠፋ! ተመራማሪዎቹ ሊዩ እና ሌይላንድ እ.ኤ.አ. በ1973 ፕሮሰሰሩ 100% ቢያዝም ዴድላይን እንደማያልፍ ያረጋገጡት ለአንድ ፕሮሰሰር ነው፣ ያውም ሥራው የሚፈጀው ጊዜ አስቀድሞ ከታወቀ። አንተ ጋ መሃል ላይ ዋይፋይ አለ። የቫልቩን ውሳኔ ከሰርቨሩ አውጣውና እዚያው ፓይው ላይ አድርገው። ሰርቨሩ ደንቡን ብቻ ይላክ፤ ስንት ሲሆን ይከፈት፣ ስንት ሲሆን ይዘጋ። ግንኙነት ከጠፋ ፓይው በመጨረሻው ደንብ ይቀጥላል፣ እሱም ካረጀ ቫልቩን አደጋ ወደሌለበት ቦታ መልሶ ይጠብቃል።

ፓኬት ቆጣሪ፦
በቲሲፒ ነው የምትልከው፣ የጠፋውን ደግሞ እየላከ ሁሉን በተራው በሚያደርሰው? ከሆነ ግማሹ ችግር እዚያ ነው። የሊኑክስ ቲሲፒ ታይማውት (የጠፋውን ደግሞ ከመላኩ በፊት የሚጠብቀው ጊዜ)፣ ካልነካካኸው፣ ከ200 ሚሊሰከንድ አይወርድም። ያንተ ዴድላይን 100 ነው! ከኋላ ያሉት ትእዛዞችም የጠፋው እስኪመጣ ቆመው ይጠብቃሉ። ቶሎ ለሚያረጅ መረጃ የጠፋውን የማይጠብቀውን ዩዲፒ ተጠቀም፣ ተራ ቁጥር ስጠው፣ ያረጀውን ጣለው።

ሽቦአልባው፦
አዎ ቲሲፒ ነው። ምስሉስ? እሱ እንዲጠፋብኝ አልፈልግም።

ማታ ሠሪ፦
ምስሉ በቲሲፒ ይቆይ። ሁለት ፓይ የሚይዙት ሰርቨሩ አንዱ ዝም ሲል ሞቷል ብሎ ለሌላው ስለሚሰጥ ነው፤ የሞተና የዘገየ ደግሞ በዝምታ አይለዩም። ሥራውን በሊዝ ስጥ፣ ማለትም ለተወሰነ ጊዜ ብቻ፣ እንደገና በተሰጠ ቁጥር መለያ ቁጥሩ ይጨምር፣ ሰርቨሩም የመጨረሻውን ቁጥር የያዘ ውጤት ብቻ ይቀበል። እውነት ለመናገር ምስል ሁለቴ ቢመረመር ብዙም አይጎዳህም፣ ጎግል ሆን ብሎ ያደርገዋል። የጎግል መሐንዲሶቹ ዲን እና ባሮሶ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደጻፉት፣ በአንድ የቢግቴብል (የጎግል ዳታቤዝ) ሙከራ 10 ሚሊሰከንድ ጠብቆ ሁለተኛ ጥያቄ መላክ፣ ከ1,000 ጥያቄ 999ኙ የሚያልቁበትን ጊዜ ከ1,800 ወደ 74 ሚሊሰከንድ አውርዶታል፤ የጨመረው ጥያቄ 2% ብቻ። ቫልቭ ላይ ግን እንዳትሞክረው።

ደግሞ ዴድላይኑን በሰዓት አትላክ፣ የቀረውን ጊዜ ላክ። ፓይ 4 በባትሪ የሚሄድ ሰዓት የለውም፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኔትወርክ እስኪያገኝ ሰዓቱ አይታመንም።

ከርነሉ፦
መንገድ ላይ ያለቀውንም ጊዜ ከቀረው ላይ ቀንስ። የፒንጉን (የሙከራ መልእክቱን) የደርሶ መልስ ጊዜ ሙሉውን እንጂ ግማሹን አይደለም፤ ዋይፋይ ላይ መሄጃና መመለሻው እኩል አይሆንም።