«ፍላጎት የለውም» የተባለው ተማሪ

የማርቆስ ልጅ፦ ትናንት አንድ መምህር «በኮሮና ጊዜ ኦንላይን ትምህርት ያልሠራው ተማሪው ፍላጎት ስለሌለው ነው» ብለው ጻፉ። በጣም ነው የተናደድኩት። መጋቢት 2012 ወደየቤታችሁ ሂዱ ስንባል ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነበርኩ። ፍላጎቴን ማን አየው?

መምህሩ፦ አሁንም እላለሁ። ሞጁሉን፣ ማለትም የኮርሱን ማስተማሪያ ጽሑፍ፣ በቴሌግራም ለቅቄያለሁ። ብዙዎቹ አልከፈቱትም። የገጠሩ ኔትወርክ የለውም እንበል፤ ባሕር ዳር ቤቱ ያለውስ?

ደጋ ዳሞት፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ፒዲኤፍ መልቀቅ ማስተማር አይደለም። ጥያቄ ብንጽፍ የሚመልስ አልነበረም። እኛ ቤት መብራት የለም። ስልኬን በገበያ ቀን ፈረስ ቤት ከተማ ልኬ ነበር የማስሞላው። ሰኔ ሲገባ ደግሞ አባቴ ሞፈር ያዝ አለኝ።

ሞጣ፦ እርሻ ሰበብ አይሆንም። እኔም ቀን እያረስኩ ማታ አነብ ነበር።

ደጋ ዳሞት፦ አንተ የከተማ ልጅ ነህ፤ መብራት አለህ።

ሞጣ፦ ማን ነገረህ? ሰው ሳታውቅ አትናገር።

ዳንግላ፦ ወንዶቹ ስለ እርሻ ብቻ ታወራላችሁ። ሴት ልጅ ቤት ስትገባ እንጀራው፣ ውኃው፣ ሕፃኑ ይጠብቃታል። ስልክ ይዤ ስቀመጥ እናቴ የምጫወት ይመስላት ነበር። ካምፓስ ግን ላይብረሪ አለ፣ ጊዜዬም የራሴ ነው። አዎ፣ ኦንላይኑን አልተቀበልኩትም። መማር ስለምፈልግ ነው ያልተቀበልኩት።

መምህሩ፦ ይኸው፣ አልተቀበልኩትም አለች። እኔስ ምን አልኩ?

የማርቆስ ልጅ፦ እርስዎ «ፍላጎት የለውም» ነው ያሉት፤ አይቀይሩት። ድኅረ ምረቃው በኦንላይን ይቀጥል ተብሎ አልነበር? ሰኔ 23 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ። ማስተርስ የሚማረው ወንድሜ ለሦስት ሳምንት ያህል አማካሪውን አላገኘም። እሱም ፍላጎት አልነበረውም?

መምህሩ፦ እሱን ፖለቲካ ተወው። እኔም ዳታ የምገዛው ከኪሴ ነበር። ቪዲዮ እንዴት እንደሚዘጋጅ ያሠለጠነኝ የለም። ግን ሞክሬያለሁ።

ደጋ ዳሞት፦ ታዲያ የተበደልነው አብረን ነው። ለምን እኛን ይወቅሳሉ?

ሞጣ፦ ነገ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣስ? ኦንላይን አይሁን ካላችሁ በምን ልትማሩ ነው?

ዳንግላ፦ በታተመ ሞጁል። የርቀት ትምህርት ስንቱን አስመርቋል! ወረዳ ድረስ ይላክልን፣ ፈተናውን ስንመለስ እንፈተን።

መምህሩ፦ የኅትመቱን ወጪ ማን ይችለዋል?

ዳንግላ፦ የዳታውንስ ማን ቻለው? ቤተሰቦቻችን አይደሉም?

ሞጣ፦ የኢንጂነሪንግ ቤተ ሙከራም በሞጁል ሊሆን ነው?

ዳንግላ፦ በቴሌግራምስ ሆኗል እንዴ?

መምህሩ፦ ክፍል አለኝ፣ ማታ እመለሳለሁ። ያልኩትን ግን አላነሳም።

ደጋ ዳሞት፦ እንጠብቅዎታለን መምህር። እኛም አንተወውም።